ሜትር ይዤ ከዞሊንገን እስከ ኢፕር፦ የጀርመን ሳንጃ ፍለጋ

ሐሙስ፣ ዞሊንገን

ከኮሎኝ ዞሊንገን ድረስ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪና ደብተር። የድሮ የጀርመን ሳንጃ የሚሰበስብ ሰው መሣሪያው ይኸው ነው። ገንዘብ ቢጨመርበት ደስ ይላል፤ እሱ ግን ሁሌም ያንሳል።

አብረውኝ ያሉት ጋሼ ናቸው። በሥጋ አንዛመድም። ኮሎኝ በመጣሁ ሰሞን ሥራ እስካገኝ ድረስ ቤታቸው ያስቀመጡኝ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ።

«ለሳንጃ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ?» አሉኝ። «እኛ እኮ የተሰጠንን ቆርቆሮ ስንከፍትበት ነው የኖርነው።»

«ጀርመኖቹም ያንኑ ነበር የሚያደርጉት» አልኳቸው። እውነቴን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንጃ ጠመንጃ አፍ ላይ ተሰክቶ ሰው ከወጋበት ጊዜ ይልቅ እንጨት የፈለጠበት፣ ዳቦ የቆረሰበትና ቆርቆሮ የከፈተበት ጊዜ ይበዛል።

ዞሊንገን የስለት ከተማ ናት። ከ2012 ጀምሮ ይህንኑ በይፋ ከስሟ ጋር አያይዛዋለች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤታችሁ የጀርመን ቢላ ካለ ስለቱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ስሟን ታገኙት ይሆናል። ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። በነገሥታቱ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ጎራዴዎች አንዳንዶቹ ስለታቸው የተሠራው እዚህ ነው። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ጨረታ ላይ ብቅ ይላሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። አያታቸው ጎራዴ ነበራቸው።

ከባቡር ጣቢያው ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሄድ አውቶቡስ ወደ ግሬፍራት ሄድን። ከተማዋ እነዚህን አውቶቡሶች ከ1952 ጀምሮ አልለቀቀቻቸውም። ግሬፍራት ጥንታዊው ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጥቁር ጣውላ፣ ነጭ ግድግዳ፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ አላቸው። የጀርመን የስለት ሙዚየም የሚገኘው እዚህ፣ በድሮ የሴቶች ገዳም ውስጥ ነው። ከነሐስ ዘመን ሰይፍ እስከ ገበታ ቢላና ሹካ ድረስ ሰብስቧል። እኔ ወደ ጦር መሣሪያው ስሮጥ ጋሼ ሹካዎቹ ጋ ቀሩ። «ይሄ ሁሉ ብረት ለመብላት?» አሉ።

ከሰዓት አደባባዩ ላይ ቡና ይዘን ተቀመጥን። ደብተሬ ላይ መስመሮች አሰመርኩላቸው። ረጅሙ መስመር 52 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1898 ከወጣው የማውዘር ጠመንጃ ጋር የመጣው ሳንጃ ስለቱ ይህን ያህል ነበር። ቀጭንና ረጅም፣ ወደ ሰይፍ የቀረበ። ቀጥሎ 98/05 የሚባለው ይመጣል፤ 37 ሳንቲ ሜትር ግድም። ይሄኛው ወደ ጫፉ ሲደርስ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢዎች ባለ ሥጋ ቤቱ ሳንጃ ይሉታል። ከዚያ 84/98፣ 25 ሳንቲ ሜትር። መጨረሻ ላይ የምሽግ ጩቤ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

«እያጠረ ነው የሄደው» አሉ ጋሼ።

እኔን ወደዚህ ነገር የጎተተኝ ይኸው ማጠሩ ነው። ረጅሙ ሳንጃ የታሰበው ሜዳ ላይ ለሚገናኝ ጦር ነበር። እግረኛው ጠመንጃውን እንደ ጦር ይዞ ፈረሰኛውን ከሩቅ እንዲያስቆም። ጦርነቱ መሬት ውስጥ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ብረት ሸክም ሆነ። ስለዚህ እጄ ላይ የማላውቀው ሳንጃ ሲገባ መጀመሪያ ሜትሬን ነው የማወጣው። የሻጩን ወሬ ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።

ዓርብ፣ ቩፐር ወንዝ ዳር

ጠዋት ሄንድሪክስ የሚባለው የድሮ ቀጥቃጭ ፋብሪካ ሄድን። በ1886 ሁለት ወንድማማቾች የከፈቱት ነው። በ1986 ተዘጋና ሙዚየም ሆነ። ሙዚየም ይባል እንጂ ዛሬም ውስጡ መቀስ ይቀጠቀጣል። ሠራተኛው የጋለ ብረት በጉጠት ይይዝና ከታችኛው የቅርጽ ማውጫ ላይ ያስቀምጠዋል። ከባዱ መዶሻ ከላይ ይወርዳል። ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ፤ ደግሞ ተመልሰው ገቡ።

የሳንጃ ስለትም የሚጀምረው እንዲህ ተቀጥቅጦ ነው። ከዚያ ይጠነከራል፣ ይሳላል፣ እጀታ ይገጠምለታል። በዞሊንገን እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ሙያ ነበሩ። ቀጥቃጩ አይስልም፤ ሳዩ እጀታ አይገጥምም። ሳዮቹ ቩፐር ወንዝ ዳር ትንንሽ ቤቶች ነበሯቸው። ውሃው መንኮራኩሩን፣ መንኮራኩሩ ትልቁን የአሸዋ ድንጋይ ያዞራል። ከሰዓት ከቀሩት ጥቂቶች አንዱን ቪፐርኮተንን አየን። ቦታው ያምራል። ውሃው፣ ዛፉ፣ ዝምታው። ሰዎቹ ግን የድንጋዩን ብናኝ ሲስቡ እየዋሉ ሳንባቸው አልቆ ያለ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። ሙዚየም ውስጥ የሚያብረቀርቅ ስለት ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል።

ሚውንግስተን ያለውን የባቡር ድልድይም ከሥር ሆነን አየነው። በ1897 ያለቀ፣ 107 ሜትር ከፍታ ያለው ብረት። ጋሼ ፎቶ ተነሱ። ቀጠልን።

ማታ ሆቴል ውስጥ የሠሪዎቹን ምልክቶች አሳየኋቸው። ሳንጃን የሠራው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ስለቱ ከእጀታው በሚነሳበት ቦታ ላይ ተመትቶ የተቀረጸው ምልክት፣ ምቱ፣ ነው። ካርል አይክሆርን ሽኮኮ አለው። ሄንክልስ መንትዮች። ጎትሊብ ሃመስፋር ፒራሚድ። አሌክሳንደር ኮፔል ሚዛን። እነዚህን ያወቀ ሰው ገበያ ላይ ስሙ ግማሽ የጠፋ ብረት እንኳ ሲያገኝ ይገምታል። ዞሊንገን ብቻዋን አይደለችም። በኤርፉርት የመንግሥት ፋብሪካ ነበር። በዙል ከተማ ደግሞ ሲምሶን።

ኮፔልና ሲምሶን ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሁለቱም የአይሁድ ቤተሰቦች ነበሩ። ለጀርመን ጦር በመቶ ሺሕ ለሚቆጠር ሰው መሣሪያ ካቀረቡት ውስጥ ናቸው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሁለቱም ድርጅታቸውን ተቀሙ። ዶክተር አሌክሳንደር ኮፔል በ1942 ቴሬዝየንሽታት ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ተጋዙና እዚያው ሞቱ። ፋብሪካው ግን ሥራውን ቀጠለ። ሳንጃው ላይ የሚመታው ስም ብቻ ወደ ሦስት ፊደል ምስጢራዊ መለያ ተቀየረ፤ ኤፍ፣ ኤን፣ ጄ። ስብስቤ ውስጥ ሚዛኑ ያለበት የ1915 ሳንጃ አለ። ከእሱ አጠገብ ኤፍ ኤን ጄ ያለበት አንድ። ሰው እንዲያያቸው ስፈልግ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማወጣቸው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምስጢራዊ መለያዎች መጀመሪያ ግራ ያጋባሉ፤ ኋላ ይቀላሉ። መጀመሪያ ላይ ኤስ ፊደልና ቁጥር ነበር። ዓመቱም በፊደል ይጻፍ ነበር፤ ኬ ካለ 1934፣ ጂ ካለ 1935። ጀርመን ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ትጥቋን የገደበውን የቬርሳይን ውል ጥሳ መታጠቋን ለመሸፋፈን ነው። ኋላ መሸፋፈኑ ሲቀር ዓመቱ በግልጽ ተጻፈ። ከጦርነቱ መጀመር በኋላ ሦስት ፊደሎቹ መጡ። ሲ ኦ ኤፍ አይክሆርን ነው። ሲ ቪ ኤል ቬየርስበርግ ኪርሽባውም። በዚህ ዘመን ሳንጃ ላይ ስለቱና አፎቱ ተመሳሳይ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ቁጥሩ ከተለያየ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ግን አልጨነቅበትም። አፎት በጦርነት መሀል ይቀያየራል፤ ሰው ነው የያዘው።

ቅዳሜ፣ ሩር፣ የድሮ ዕቃ ገበያ

ዛሬ ነው ዋናው። በሩር አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ወታደራዊ ዕቃ ይሸጣል። በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ረዝሟል። ውስጡ የጠመንጃ ዘይትና የተጠበሰ ቋሊማ ይሸታል። ጥቁር ሰው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን። ዞር ብሎ የሚያየን አለ። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ የሳንጃ ጀርባ ላይ ስተክል ግን ዓይናቸው ይለወጣል። አንድ ሽማግሌ ሻጭ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ መብራቱን ወደ እኔ አዞረልኝ።

ጋሼ መጀመሪያ ያስተዋሉት ፕላስተሮቹን ነው። በጀርመን ሕግ የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየት ክልክል ነው። ለትምህርትና ለታሪክ ጥናት የተተወ ክፍተት አለ። ሻጮች ምልክቱ ላይ ትንሽ ፕላስተር ይለጥፋሉ። «ይሸጡታል፤ ደግሞ ይሸፍኑታል» አሉ ጋሼ። እኔ ወደዚያ ጠረጴዛ አልጠጋም። ምልክት የበዛበት ዕቃ አስመሳይ ይበዛበታል። ከፊቱ የሚሰበሰቡት ሰዎችም ሁልጊዜ ደስ አይሉኝም።

የመጀመሪያው ሻጭ አንድ 98/05 አነሳልኝ። «አያቴ ቨርደን ላይ የተሸከመው ነው» አለ። ሳንጃውን ገልብጬ የስለቱን ጀርባ በባትሪ አየሁት። እጀታው አጠገብ ዘውድ አለ። ከሥሩ ደብሊው። ከእሱ ሥር 18። ዘውዱና ደብሊው የቀዳማዊው ጦርነት ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ሁለተኛ ነው። 18 ደግሞ 1918። የቨርደን ውጊያ በታኅሣሥ 1916 አብቅቷል። ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ሌላኛው አያቴ ይሆናል» አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ይህ የጀርባ ማኅተም ብዙ ይናገራል። ጀርመን ያኔ አንድ ንጉሠ ነገሥት ይኑራት እንጂ በውስጧ ነገሥታት ነበሯት። ባቫሪያ ያስመዘገበችው ሳንጃ ላይ ኤል ይገኛል። ሳክሶኒ ላይ የፍሪድሪክ ኦውጉስት ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት። የቩርተምበርግ ንጉሥም ስሙ ዊልሄልም ስለነበር የእሱም ደብሊው ነው። እዚያ ላይ ጀማሪ ሰብሳቢ ይሳሳታል።

ከዚያ የእጅ መከላከያው መስቀለኛ ብረት አለ። እዚያ ላይ አንዳንዴ የክፍሉ ስም ይመታበታል። ቁጥር፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቁጥር። ለምሳሌ 85፣ አር፣ 5፣ 20 ቢል የ85ኛው እግረኛ ሬጅመንት፣ 5ኛ ሻምበል፣ 20ኛ መሣሪያ ማለት ነው። ጋሼ ይሄን ወደዱት። «ጠፋ ብትል ማን እንደጠፋበት ይታወቃላ!» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ምቱ የተፈለሰፈው ለንብረት ቁጥጥር ነው። የእኛ ደስታ ኋላ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባለ መጋዙ ሳንጃ ተገኘ። ጀርባው ላይ ሁለት ረድፍ ጥርስ አለው። ዙሪያውን ሰው ተሰብስቧል፤ አንዱ «ሰው ሲወጉበት አንጀት እንዲጎትት ነው» ይላል። ውሸት ነው። መጋዙ እንጨት ለመቁረጥ ነው። የሚሰጠውም በተለይ ለመሐንዲስ ጦርና ለባለ ሌላ ማዕረጎች ነበር። ግን የጠላት ፕሮፓጋንዳ አነሳው፤ ባለ መጋዝ ሳንጃ ይዞ የተማረከ ጀርመናዊ አይተርፍም የሚል ወሬ ተናፈሰ። ከ1917 ወዲህ ጥርሶቹ በትእዛዝ ይሞረዱ ጀመር። ዛሬ ጥርሱ የተሞረደ 98/05 ስታገኙ ጀርባው ከወትሮው ጠበብ ብሎ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰብሳቢ የተበላሸ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ከባለ ጥርሱ ይበልጥብኛል። ወሬ ብረትን ሲሞርድ ሌላ የት ይታያል?

አስመሳዩም አለ። ባለ መጋዝ ዋጋው ከፍ ስለሚል ዘንድሮ ተነስቶ ጥርስ የሚያወጣለት አይጠፋም። ጥርሶቹ የጀርባውን ማኅተም ቆርጠው ካለፉ ወይም ጥርሱ ሥር ያለው ብረት ከሌላው ይልቅ ትኩስ ሆኖ ካበራ አስቀምጡት።

የሰልፍ ሳንጃም በየጠረጴዛው ሞልቷል። በኒኬል ተለብጦ ያብረቀርቃል። ወታደሩ በራሱ ገንዘብ ይገዛውና ለእረፍት ሲወጣ፣ ፎቶ ሲነሳ፣ ልጃገረድ ሲያይ ይታጠቀዋል። አንዳንዱ ስለቱ ላይ «ለአገልግሎት ዘመኔ መታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሻጮች ግንባር የዋለ ያስመስሉታል። ቆንጆ ነው፤ ግን ውጊያ አላየም። ጋሼ አንዱን አንስተው መልካቸውን አዩበትና መለሱት።

የምሽግ ጩቤዎቹ የነበሩት ጥግ ላይ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ነው። ጥሩ ምልክት አይደለም። ባትሪዬን አበራሁ። የአንደኛው ጦርነት ጩቤ ብዙውን ጊዜ የእንጨት እጀታ አለው፤ እንጨቱ ላይ ወደ ጎን የዘመሙ ቦዮች ተቀርጸዋል። የአጋዘን ቀንድ እጀታም አለ። አፎቱ የብረት ነው፤ ቀበቶ የሚያልፍበት ቆዳ ታስሮበታል። ጦሩ ተቀብሎ ያጸደቀው ከሆነ ዘውድና ፊደል ያለው ትንሽ ማኅተም ይፈለጋል። ከሌለው ወታደሩ ከሱቅ የገዛው ወይም ቤተሰቡ የላኩለት ሊሆን ይችላል። ያም እውነተኛ ነው። የሁለተኛው ጦርነት ወንድሙ አፎቱ ጀርባ ላይ የብረት መቆንጠጫ አለው፤ ጫማ ውስጥ ወይም ኮት ላይ ይሰካል።

ሌላው ዓይነት ከረጅም ሳንጃ ተቆርጦ የተሠራው ነው። ምልክቱ ስለቱ ላይ ያለው ቦይ ነው። ጩቤ ሆኖ ከተወለደ ቦዩ ወይ የለም ወይ ከጫፉ ርቆ ያልቃል። ተቆርጦ ከሆነ ቦዩ እስከ አዲሱ ጫፍ ይሮጣል። አንዱ ሻጭ ከፊቴ እንዲህ ዓይነት ሦስት ደርድሯል። ሁለቱ ዝገታቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛ ዝገት እንደዚያ እኩል አይበላም። እጅ የነካው ቦታና አፎት የሸፈነው ቦታ ይለያያል። አንደኛው እጀታ ደግሞ የታሰረው በባለ መስቀል ቡሎን ነበር። ያ ዓይነት ቡሎን በአንደኛው ጦርነት ጊዜ አልነበረም። ምንም ሳልል አለፍኩ።

የገዛሁት ማንም የማያነሳውን ነው። ድፍን የብረት እጀታ ያለው፣ ሠሪው የማይታወቅ፣ ምትክ ሳንጃ። ጦርነቱ ሲፋፋም የደንቡ ሳንጃ አልበቃ አለ። እንጨትም፣ ሙያተኛም፣ ጊዜም አነሰ። ስለዚህ ከብረት ብቻ የተሠሩ ምትኮች በብዛት ወጡ። አንዳንዶቹ ከተማረኩ ጠመንጃዎች ጋርም እንዲገጥሙ ታስበው ነው የተሠሩት። ዓይነታቸው ብዙ ነው። ማማር አያምሩም። የእጀታው ቦይ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። ሻጩ 110 ዩሮ አለ። ጋሼ በተሰባበረ ጀርመንኛ ገቡበት። «መርካቶ ቢሆን ከግማሹ ነበር የምንጀምረው» እያሉ በአማርኛ ለእኔ ያጉረመርማሉ። በ90 ተስማማን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀርመን ውስጥ ስለቱ የማይታጠፍና ከ12 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሳንጃማ ጭራሽ። የሚጓጓዘው ተቆልፎ ነው። እኔ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለኝ። ማታ ኮሎኝ አድረን ሣጥኑን ቤት አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ ቤልጅየም

በመኪና ተነሳን። አኸንን አልፈን ሊየዥ ስንደርስ ለጋሼ ሄርስታልን በጣቴ አሳየኋቸው። ኤፍ ኤን የተባለው የጠመንጃ ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው። በ1889 የተቋቋመው ለቤልጅየም ጦር 150,000 የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነበር። ኋላ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከዚሁ ፋብሪካ ገዝቷል። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ቆዩ። አባታቸው ቤልጅግ ነበራቸው፤ ከአርበኝነት ጊዜ የቀረ። «ከዚህ ነው እንዴ የመጣው?» አሉ። በ1935 ደግሞ ጀርመን ራሷ በምስጢር ማውዘር ለኢትዮጵያ ሰጥታለች። ሂትለር ያኔ ከሙሶሊኒ ጋር በኦስትሪያ ጉዳይ ተኳርፎ ነበር፤ ጣልያን አፍሪካ ውስጥ ብትጠመድለት ይወድ ነበር። ለእኛ አዝኖ አይደለም።

ኢፕር አቅራቢያ፣ ቪትሻተ መንደር ዳር፣ ባየርንቫልት የሚባል ትንሽ ጫካ አለ። የጀርመን ምሽግ እንደነበረ ተጠግኖ ይታያል። ግድግዳው በተጠላለፈ ቅርንጫፍ ተሠርቷል። መሀል መሀል ላይ የኮንክሪት መደበቂያዎች አሉ። ምሽጉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠማዘዛል። አንድ ጥይት ወይም ቦምብ ሁሉንም እንዳይጨርስ ነው።

እዚያ ውስጥ ሜትሬን አወጣሁ። ጠመንጃው 1 ሜትር ከ25 ነው። ረጅሙ ሳንጃ 52 ይጨምርበታል። 1 ሜትር ከ77። ጋሼ አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እኔ ሌላውን፣ ወጥረን ለመዞር ሞከርን። መጀመሪያው ጥግ ላይ ሜትሩ ግድግዳው ላይ ታጠፈ። ጋሼ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ፊት። አልሆነም። ከኋላችን የመጡ ሁለት እንግሊዛውያን ምን እንደምንሠራ አይተው መንገድ ለቀቁልን። በ25 ሳንቲ ሜትሩ ስሞክረው ትንሽ ተሻለ፤ ግን ያው ነው። እዚህ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ጠመንጃ ራሱ ረዘመ። ለዚህ ነው ሌሊት የጠላት ምሽግ ውስጥ የሚዘሉት ወታደሮች በእጅ ቦምብ፣ ጠርዙ በተሳለ አካፋና በ15 ሳንቲ ሜትር ጩቤ ያመኑት። ፈረንሳዮች ደግሞ ከሽቦ አጥር ችካል ብረት አጣምመው ሚስማር የሚሉትን ጩቤ ሠሩ።

ጋሼ ምሽጉ ውስጥ ብዙ አላወሩም። ስንወጣ «እኛ ጋ ድንጋይ ነበር፤ እንዲህ በጥልቀት አይቆፈርም» ብቻ አሉ። የት እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

የአካባቢው ገበሬ ዛሬም ሲያርስ ያልፈነዳ ጥይት ያወጣል። መንገድ ዳር ያስቀምጠዋል፤ የጦሩ ቡድን መጥቶ ፑልካፔለ ወደሚገኘው ጣቢያው ይወስደዋል። ስለዚህ የተቀበረ ሳንጃ አገኛለሁ ብላችሁ ብረት ፈላጊ መሣሪያ ይዛችሁ እንዳትገቡ። በፍላንደርስ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ደግሞ መሬቱ ገና አልተኛም።

ላንገማርክ ያለው የጀርመን መቃብር ከ44,000 በላይ ሰዎች አሉት። ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች፣ ኦክ ዛፎች። ማታ ኢፕር ከተማ ወዳለው የእንግሊዝ ጦር ሙታን መታሰቢያ፣ ሜኒን በር፣ ሄድን። ከ1928 ጀምሮ፣ ጀርመን ከተማዋን ከያዘችበት ጊዜ በቀር፣ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ መለከት ይነፋል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ተረከዝ ገጥመው ቆሙ። ሙዚየሞቹን ለሌላ ጊዜ አቆየናቸው፤ ርቦን ነበር።

ሰኞ፣ ኮሎኝ

ከሰዓት ደርሰን ሣጥኑን ከፈትኩ። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ባለቤቴ አየችኝና ሻይዋን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደች።

ስለቱ 31 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከደንበኞቹ ርዝመቶች አንዱም አይደለም፤ ምትኮች ላይ ግን የተለመደ ነው። ሠሪ የለም። መስቀለኛው ብረት ላይ ዘውድና አንድ የጎቲክ ፊደል አለ። ተቆጣጣሪው አይቶ አሳልፎታል ማለት ነው። የአፈሙዝ ቀለበቱ ሙሉ ነው። የክፍል ምት የለም። አፎቱ ብረት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ተጎድቷል።

አላጸዳሁትም። በጨርቅ ቀጭን ዘይት ብቻ ቀባሁት። ብዙ ሰው ሳንጃ እንደገዛ የሽቦ ብሩሽ ያነሳል፤ የመቶ ዓመት ቀለም በአሥር ደቂቃ ይላጣል። አፎቱ ቆዳ የሆነ ሳንጃ ካላችሁ ደግሞ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ቆዳው የተለፋበት ነገር ብረቱን ያዝገዋል።

ማታ ጋሼ ደወሉ። የሚቀጥለው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ኢንጎልስታት ልሄድ አስቤያለሁ፤ የባቫሪያ ጦር ሙዚየም እዚያ ነው። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ክፍል ከዳኑብ ወዲያ ማዶ ባለ የድሮ ምሽግ ውስጥ አድርጎታል። ኤል ያለባቸውን ሳንጃዎች እዚያ ማየት እፈልጋለሁ። «እኔም አለሁበት፤ ባቡሩን በራሴ እከፍላለሁ» አሉ። ባቫሪያ ቢራው ጥሩ ነው ብያቸው ነበር። ለየትኛው እንደሚመጡ አልጠየቅኩም።